ካፖርት ለትራክተር

ትራክተሬ ትንሽ ናት፣ ቀይ ናት፣ በዕድሜም ትበልጠኛለች። ጣሪያ የላት፣ መስኮት የላት፤ ሹፌሯ ከላይ ጉብ ብላ ነፋሱን በደረቷ ትቀበላለች። አባቴ ነው ድሮ ከአንድ ከተዘጋ እርሻ የገዛት። ተሳቢ አስቀጠለላትና ከአውቶቡስ ተራ ወደ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሱቆች ዕቃ ማመላለስ ጀመረ። ትልቅ መኪና በማይደፍረው ጠባብ መንገድ እሷ ሹልክ ብላ ትገባለች። ሱቅ ሳይከፈት ዕቃው መድረስ ስላለበት፣ ገና ሳይነጋ፣ የሱብሂ አዛን ሲሰማ ሞተር እናስነሳለን። በታኅሣሥ በዚያ ሰዓት ያለውን ብርድ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው አያውቀውም።

አባቴን ከመቀመጫው ያወረደው ይኸው ብርድ ነው። ጉልበቱን በላው። አሁን ቀትር ላይ ፀሐይ እየሞቀ እንኳ ጋቢውን ከላዩ አይጥልም። ቁልፉን ለእኔ ሲሰጠኝም ደስ ብሎት አልነበረም።

"ብርድ ፈሪ ጠላት ነው" አለኝ። "ፊት ለፊት አይመጣም። በጉልበት በኩል ነው የሚገባው።"

እኔ ግን ያቺን ትራክተር ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳታለሁ። ሌላ ሥራም ሞክሬያለሁ፤ ሱቅ ቆሜያለሁ፣ ሆቴል ሠርቻለሁ። መሪዋን ስይዝ የሚሰማኝን የትም አላገኘሁትም። እሷን መንዳት ለእኔ እንጀራ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ታኅሣሥ ታዲያ የአባቴን ምክር ሰማሁና ቤት ያለውን ልብስ ሁሉ ደረብኩ። ሱሪ በሱሪ፣ ሹራብ በሹራብ፣ የወንድሜን ካፖርት፣ ከላይ ጋቢ፣ ራሴ ላይ ወፍራም ሻሽ። እግሬንም ካልሲ በካልሲ አድርጌ ቦቲ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። አውቶቡስ ተራ ስደርስ ተሸካሚዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

"ሹፌሯ የታለች? ዛሬ ጆንያው ራሱ ነው እንዴ የሚነዳው?"

"አርፋችሁ ጫኑ!" አልኳቸው። ዞሬ ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር፣ አንገቴ አልዞር አለኝ እንጂ።

እነሱን ምን ላድርጋቸው፤ እውነታቸውን ነው። መንገድ ጀምሬ፣ ሳፋውን በማለዳ ደጁ ላይ የከመረ አንድ ሻጭ በር ላይ ልቆም ስል ያ የደነደነ ቦቲ ፍሬኑን ሳተው። ማርሹን ልነካ ብል የጋቢዬ ጫፍ ተጠምጥሞበታል። ትራክተሯ ዝግ ብላ፣ ያለ አንዳች እፍረት፣ የሳፋ ክምሩ ውስጥ ገባች። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሳፋው ግን ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ አረንጓዴው ቁልቁል ተንከባለለ፤ ሰፈሩ ሁሉ እየሳቀ ሲለቅምልኝ አረፈደ።

መርካቶ ወሬ ከሰው ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው። ስመለስ አባቴ ሰምቶ ጠበቀኝ።

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም" አለ፣ ሻሼን እያየ። ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። "ለብሰሽ መንዳት አትችይም። ሳትለብሺ ከነዳሽ ደግሞ እንደ እኔ ትሆኛለሽ። ዓርብ ጠዋት ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ። ለብረት ለቃሚዎች እሰጣታለሁ፣ አለቀ።"

"አባዬ!"

"አለቀ አልኩሽ።"

አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። በማግስቱ በእልህ አንድ ጃኬት ብቻ ጣል አድርጌ ወጣሁ። የት አባቱ፣ ይብረደኝ! ጣቶቼ መሪው ላይ ደርቀው ቀሩ። ያን ቀን ጭነቱ በዝቶ ተሳቢው ሞልቶ ስለነበር፣ የተረፈ አንድ ሰፊ ካርቶን በሞተሩ በቀኝ በኩል ሸጉጬ አስሬዋለሁ። ትንሽ እንደነዳሁ ቀኝ እግሬን ደስ ደስ ይለው ጀመር። ግራዬ በረዶ ነው፤ ቀኜ ግን ሞቋል። ቆምኩና ካርቶኑን ወደ ግራ አዞርኩት። አሁን ደግሞ ግራዬ ሞቀ!

ያኔ ገባኝ። ማራገቢያው የሞተሩን ሙቀት ወደ ኋላ፣ ወደ ሹፌሩ ነው የሚገፋው። እግሬ ጋ ሳይደርስ ግን ነፋሱ በሁለቱ ጎን ሰርቆ ይወስደዋል። ካርቶኑ ለሌባው በሩን ዘግቶበት ነው። ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ዓመት እሳት ታቅፈን ነው ለካ የበረደን! ልብስ የሚያስፈልጋት እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኸው ነው።

ዕቃውን አራግፌ በቀጥታ ሸራ ተራ ሄድኩ። እዚያ የጭነት ሸራ የሚሰፉ ሽማግሌ አሉ።

"ጋሼ፣ ካፖርት ይሰፉልኝ።"

"እኔ ሸራ ሰፊ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ለማን ነው?"

"ለትራክተሬ።"

አዩኝ፤ ወደ ውጭ ወጥተው እሷንም አዩዋት። ከዚያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ላይ አወረዱ። "ደረቷ ስንት ነው?" እያሉ ይዞሯት ጀመር። "ወገቧ ሰፋ ይላል፣ ወልዳለች እንዴ?"

"ብቻ አፍንጫዋን እንዳይዘጉባት፣ ትታፈናለች። የጭስ መውጫዋን ማርሚታም እንዳይነካ፣ ሸራው ይቃጠላል።"

"ሥራዬን ታስተምሪኛለሽ?"

በሁለቱ ጎን የሚወርድ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ፣ ወፍራም ካኪ ሸራ ሆነላት። ማሰሪያው በሲባጎ ይሁን ብላቸው ተቆጡ። "ኤዲያ! ካፖርት ካልሽ ካፖርት በቁልፍ ነው!" ከቆርቆሮ ውስጥ ትልልቅ ጥቁር የካፖርት ቁልፎች ዘርግፈው መረጡ። ቁልፍ የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ የላይኛዋን አይስፏት። ለእኔ ይስጡኝ።"

ዓርብ ማለዳ አባቴ በጋቢው ተጠቅልሎ በር ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። "ቁልፉን።"

መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። አገላብጦ አየው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቁልፍ ነዋ! ቁልፍ አይደል ያልከኝ?"

"ትቀልጃለሽ?" ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ከንፈሩ ግን ከዳው።

"ና፣ የሚገባበትን ላሳይህ።"

ደግፌ አወጣሁት። ትራክተሯን ከነካፖርቷ ሲያያት "በስመ አብ!" ብሎ አማተበ። አጠገቤ፣ ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ ተቀመጠ፤ ሞተሩን አስነሳሁ። አውቶቡስ ተራ ዕቃ ጭነን በአንዋር መስጊድ በኩል አለፍን። በዓይኔ ጫፍ አየዋለሁ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሻል፣ እንደገና ያሻል። ቢወርድስ? "በቃ፣ አቁሚ" ቢለኝስ?

ሶማሌ ተራ መግቢያ ላይ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ጠቀለለውና ጭኔ ላይ ጣለው።

"ያዢልኝ" አለ። "ሞቀኝ።"

እሰይ! ጮህኩ፣ በእውነት ጮህኩ። ጥሩንባዬን ለቀቅኩት። ሊያራግፉ የሚጠብቁት ተሸካሚዎች "ባለካፖርቷ መጣች!" እያሉ ያፏጫሉ፤ አባቴ በሸሚዝ ብቻ፣ በታኅሣሥ ማለዳ፣ እንደ ሙሽራ እጁን ያውለበልብላቸዋል።

ዕቃው ሲራገፍ እሱ ሸራውን ከታች ወደ ላይ እየዳበሰ፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይመረምር ነበር።

"ከላይ አንድ ይጎድላታል" አለኝ።

"አንተ ጋ ነው።"

እጁን ከፈተው። መንገዱን ሁሉ ጨብጦት ስለመጣ ዙሪያው መዳፉ ላይ ታትሟል።

"እንኪ፣ ስፊላት" አለኝ። "ቁልፉ ያንቺ ነው።"