እትዬ፣ ጀርባዎን አያንሱ
የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የጨረር ሕክምና ባለሙያዋም ሴትዮዋን ገና ከልብስ መቀየሪያው ብቅ ስትል በአረማመዷ ለየቻት። ሴትዮዋ ግን ከአፍ መሸፈኛው በላይ ያሉትን ሁለት ዓይኖች አየት አድርጋ፣ «ልጄ፣ ቶሎ ጨርሺልኝ፤ እኔ መጉላላት አልለመድኩም» አለቻት። ዓይኗን በጨው አጥባ!

ይህች የሟች ባሏ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሊሞት ሲያጣጥር፣ «ወንድሜን ለዚህ ያበቃሽው አንቺ ነሽ» ብላ ከክፍሉ ገፍትራ ወደ ግቢ ያስወጣቻት። ባልየው ሚስቱን ሲጣራ በመስኮቱ ይሰማት ነበር። «አለሁ! እዚህ ነኝ!» ብላ ስትጮህ ሴትዮዋ መጥታ መስኮቱንም ዘጋችው። እንዲህ ያለ ነገር በምን ይሽራል?

ለባልደረባዋ «ዘመዴ ናት፣ ሌላ ሰው ይያዛት» ማለት ነበረባት። አላለችም፤ ሆነ ብላ ነው።

የሴትዮዋ ሕመም ግራ ጡቷ ላይ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ልብ አለ። ሰው አየር በረጅሙ ስቦ ሲይዝ ሳንባው ይሞላና ልብን ከጨረሩ መንገድ ገለል ያደርገዋል። ባለሙያዋ ከውጭ ሆና በድምፅ ማጉያ «ይሳቡ፣ ይያዙ» ትላለች። ደረት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ሳጥን ከፍ ስትል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር አረንጓዴው ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ጨረሩ ይለቀቃል። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ስለምትል ባልደረቦቿ «ያዝ ልቀቅ» እያሉ ይቀልዱባታል።

ከባዱ በር ተዘጋ። «ይሳቡ» አለች። ቤተሰቡን ሁሉ በጣቷ ታሽከረክር የነበረችው ሴት ሳቢ ስትባል ሳበች፣ ልቀቂ ስትባል ለቀቀች። የባለሙያዋ ልብ ቅቤ ጠጣ። እሰይ! ደግሞ ትሳብ!

ሴትዮዋ ግን ደከማት፤ መሸነፍ ደግሞ ሞቷ ነው። ከፊቷ በተሰቀለላት ስክሪን የራሷን መስመር እያየች አንድ ዘዴ አገኘች፤ አየር ሳትስብ ጀርባዋን ከአልጋው ብድግ ማድረግ። ሳጥኗ ከፍ አለች፣ መስመሩም አረንጓዴው ውስጥ ገባ።

«ጎበዝ ናት፣ ገባች!» አለ መስመሩን የሚከታተለው ባልደረባዋ።

ባለሙያዋ የምታየው የክፍሉን ካሜራ ነበር። የሴትዮዋ ጀርባ መነሳቱን አየች። ሳንባዋ ባዶ ነው፤ ልቧም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እንዳሳረረችኝ ትረር፣ አለች በሆዷ። ጉዳቱ የሚታየው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ማን ያውቃል? አፏን ዘጋች። የባልደረባዋ ጣት የጨረሩ ማስነሻ ላይ አረፈ።

«ተው! እንዳትጫን!»

አዘነችላት እንዳትሉ። ማን እንደቀጣት ሳታውቅ ብትሞት ምኑ ቅጣት ነው? በሩን ከፍታ ገባች፤ የአፍ መሸፈኛዋን ወደ አገጯ አወረደች።

«እትዬ፣ ጀርባዎን አያንሱ።»

እትዬ ብላ የምትጠራት የወንድሟ ሚስት ብቻ ነበረች። የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ጨረሩ ልብዎን ሊለበልበው ነበር። ያስቆምኩት እኔ ነኝ፤ ዕድሜ ይስጥዎትና ያስታውሱኝ።»

«ሌላ ሰው ጥሪልኝ!»

«ሌላው ሰውማ ጎበዝ ናት እያለልዎት ነበር።»

ልትወጣ ስትል ሴትዮዋ እጅጌዋን ያዘቻት። «በሩን አትዝጊብኝ። በናትሽ፣ ብቻዬን አትተዪኝ።»

ባለሙያዋ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። «በሩ ለሁሉም ይዘጋል፤ እዚህ ማንም አብሮ አይቀመጥም። ድምፄን ግን ይሰማሉ። ወንድምዎ እኮ እሱንም አላገኘም።»

ወጣች፤ በሩም ተዘጋ። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ማጉያውን ከፈተችና የሴትዮዋ ለቅሶ ጋብ እስኪል ጠበቀች።

«ይሳቡ» አለች።

ሴትዮዋ ሳበች። ጀርባዋ ከአልጋው አልተነሳም።