አማቴ አበባዬን አረሙልኝ

ዛሬ ከሥራ ስገባ የግቢዬ አበቦች በሙሉ ተነቅለው አጥሩ ሥር ተከምረዋል። መሃል ላይ አንዲት ማሽላ ብቻዋን ቆማለች።

አጠገቧ አማቴ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ሊጠይቁን ከዋጃ መጥተው ቤት ውስጥ ሰው ሲያጡ፣ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አልሆነላቸውም።

«ልጄ፣ ቢሮ ስትውይ አረም ዋጠሽ እኮ! ጭራሽ አብቦ! ዘሩን ሳይበትን ደረስኩልሽ።»

እነዚያን አበቦች በበጋው የቆቦ ሙቀት የጎመን እጣቢ እያጠጣሁ ነው ያቆየኋቸው። በበልግ ለእነሱ ስል ከባለ ፍየሏ ጎረቤቴ ጋር ተኳርፌያለሁ። ክረምቱ ገብቶ ገና ማበባቸው ነበር።

ማሽላዋን ግን ማንም አልዘራትም። ለዶሮ ከበተንኩት ጥሬ ያመለጠች ናት።

ምን ልበል? ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና «እግዜር ይስጥልኝ እማዬ» አልኩ። አብሮኝ የገባው ባለቤቴ ሳቁን ሊደብቅ ሽንት ቤት ገባ፤ እስካሁን አልወጣም።

ሲሄዱ ደግሞ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ወፍ እንዳይጨርስብሽ፣ ወንጭፍ እልክልሻለሁ።»

እናንተስ፣ በፍቅር የተነቀለባችሁ ምን አለ? ጻፉልኝና ላንብብ፤ ማሽላ ጥበቃ ላይ ነኝ።