የጋሽ ኳኳ በር

በዚያ ሰፈር ጋሽ ኳኳን የማያውቅ አልነበረም። ሥራው አናጺነት ነበር፤ ቅጽል ስሙ ግን ከመዶሻው የመጣ እንዳይመስላችሁ። የሰፈሩ ቲያትር ክበብ በየዓመቱ በበዓል ዋዜማ በአዳራሹ የሬዲዮ ድራማ ያቀርባል። የመስኮቱ መጋረጃ ይወርዳል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሰዉም ቤቱ ሬዲዮ ከፍቶ እንደተቀመጠ ሁሉ በጆሮው ብቻ ያዳምጣል። ዝናቡን የሚያዘንበው፣ ነጎድጓዱን የሚያንጎደጉደው፣ በሩን የሚያንኳኳው ጋሽ ኳኳ ነው። ምስር በቆርቆሮ ትሪ ላይ ሲያንከባልል፣ ጣራው ያፈሰሰ መስሏቸው ቀና የሚሉ ነበሩ።

በሩ ግን የእውነት በር ነበር። ከሚስቱ ጋር መጀመሪያ የተከራዩት አንድ ክፍል ቤት ሲፈርስ፣ አከራዩን ለምኖ በትከሻው ተሸክሞ ለክበቡ ያመጣው ነው። ሲከፈት እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። "ዘይት ቀባው እንጂ!" ሲሉት፣ "ድምፁን ልግደልላችሁ?" ይላል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በድራማው ውስጥ እናትየውን ሆና የምትናገረው እሷ ነበረች። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ርቆ የኖረ ልጅ በበዓል ዋዜማ ዝናብ እየደበደበው ይመጣና በሩን ያንኳኳል። እናትየው ቶሎ አትመልስም። ትንሽ ዝም ትልና፣ "ክፍት ነው ልጄ፣ ግባ" ትላለች። ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ አፍንጫውን የማይጠርግ አይገኝም። ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። ያንን "ልጄ" ከየት እንደምታመጣው ጠይቋት አያውቅም።

ኋላ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ መቀሷን ያኖረችበትን፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ በመጨረሻ እሱን። ከዚያ ጭራሽ ዝም አለች። ጠላችኝ እንዳይል አትቆጣም፤ ታውቀኛለች እንዳይል ዓይኗ እሱን አልፎ ግድግዳ ያያል። ሐኪሙም ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎ "አይዞህ" ከማለት በቀር ያደረገው ነገር የለም። ለሰውዬው የቀረችው ምኞት አንዲት ብቻ ሆነች፤ ድምጿን እንደገና መስማት። ስድብም ይሁን።

በዚያ ዓመት የእናትየው ቦታ ፋርማሲ ለምትሠራው ልጅ ተሰጠ። ጋሽ ኳኳ ሚስቱን አለባብሶ ወደ አዳራሹ ሊወስዳት ሲል እህቱ ደረሰችበት።

"አንተ ሰው፣ ጤናም የለህ? በሰው ፊት ልታዋርዳት ነው?"

"ትስማ ብዬ ነው።"

"ምኑን ትሰማለች! ስሟን ስትጠራት ዞር የማትል!"

"በሩን" አለ፣ የሚስቱን ሹራብ እየቆለፈ። "በሩን እንኳ ትሰማ እንደሆነ ልይ።"

"አንተ ያገባኸው በሩን ነው መሰለኝ!" አለች እህቱ። ቁልፉን አዛንፎ መቆለፉን አየችና እያጉረመረመች አስተካከለችላት። ከዚያ እጇን ይዛ አብራ ወጣች።

ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። መብራቱ ጠፋ፤ ዝናቡ ዘነበ፤ ጠጠር በሞላው ሳጥን ላይ የልጁ እግር ተራመደ። ጋሽ ኳኳ ወደ በሩ ዞረ። አንኳኳ።

የፋርማሲዋ ልጅ እንደተነገራት ትንሽ ዝም አለች። በዚያች ዝምታ መሃል፣ ከፊት ወንበር፣

"ክፍት ነው ልጄ፣ ግባ።"

ድምፁ ዝጓል፤ ግን እሷው ናት። የፋርማሲዋ ልጅ፣ እግዜር ይስጣት፣ ቃሉን አልደገመችም፤ ከማይክሮፎኑ ሸሸት አለች። ልጁን ሆኖ የሚናገረው "እማዬ" ማለት ነበረበት፤ ጠፋበት። ጋሽ ኳኳም በሩን መክፈት ሲገባው እጀታውን ይዞ ቀረ።

"ግባ እንጂ፣ ዝናብ አይምታህ" አለች ደግማ። ይህች ቃል ድራማው ውስጥ የለችም።

መብራት ሲበራ እየተደናቀፈ ወርዶ ፊቷ ተንበረከከ። "እኔ ነኝ! አወቅሽኝ አይደል?"

አየችው። ከዚያ ዓይኗ እሱን አልፎ መድረኩ ላይ ወደቆመው በር ሄደ። ሰው ሁሉ ወለል ወለሉን ያይ ጀመር። ያቺ ምላሰኛ እህቱ እንኳ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

በዓሉ ሲያልፍ በሩን ለምኖ ወሰደና በገዛ ቤቱ ላይ ገጠመው። ለክበቡ ሌላ ሠራላቸው፤ ግን አያቃስትም። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት እየጠበቀችለት ሥራ ውሎ ሲመለስ፣ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ያንኳኳል። አንዳንድ ቀን መልስ የለም። አንዳንድ ቀን ያ ድምፅ ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን "ባልሽ ነኝ" ብሎ ይገባ ነበር፤ ያን ጊዜ ፊቷ ይጨልምና ወደ ዝምታዋ ትመለሳለች። ስለዚህ ተወው።

አንድ ቀን እህቱ ደጃፉ ላይ አብራው ቆማ ያንን ድምፅ ሰማች።

"ልጄ ስትልህ አያምህም?" አለችው ቀስ ብላ።

"ያመኛል" አለና በሩን ገፋው። በሩ አቃሰተ። "መጣሁ፣ እማዬ።"