ዋሶቹ ሲዘምቱ

የያዙኝ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ላይ፣ ምሳ በልቼ ከአንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ስወጣ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው፣ እንደ ድሮ ወዳጅ እየሳቁ መኪና ውስጥ አስገቡኝ። የምግብ ቤቱ ዘበኛ እንግዶች የመጡልኝ መስሎት እጁን አውለብልቦ ሸኘኝ።

የት እንደወሰዱኝ አልነገሩኝም። ፖሊስ ጣቢያ መሆኑን ያወቅኩት በጫማዬ ነው። ናይሮቢ ውስጥ እስረኛ አንድ እግር ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው፤ እንዳይሮጥ ይመስለኛል። ስልኬን፣ ቀበቶዬንና የግራ ጫማዬን ተቀብለው አንድ የብረት በር ከፈቱ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጣሪያው ሥር ጠባብ መስኮት፣ ጥግ ላይ ባልዲ። ጂክ የሚሉት የበረኪና ሽታ ዓይን ያቃጥላል።

ግድግዳው ሥር አንድ ጎልማሳ ተቀምጦ ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በጎመን ይበላል። ያገሬ ሰው መሆኑን በመልኩ አወቅኩና «ጤና ይስጥልኝ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ሳህኑን ይዞ ወደ ግድግዳው ዞረ። የእኛ ሰው ለማያውቀውም፣ ለተጣላውም «እንብላ» ይላል። ይኼኛው ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ በላ። ከብረቱ በር ይልቅ እሱ አስደነገጠኝ።

ምክንያቱን አመሻሹ ላይ ነገረኝ።

«እርስዎን በስልክ አይቼዎታለሁ።»

አገር ቤት የታሪክ መምህር ነበርኩ። ናይሮቢ ከተሰደድኩ በኋላ፣ አገራችን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ፣ ኪሊማኒ በአንድ አዳራሽ ለወገኖቻችን ንግግር አድርጌ ነበር። ሁለቱም ወገን ይብቃው ነው ያልኩት። ነገር ግን የመጀመሪያዋ ጥይት ከወዲያ በኩል ተተኮሰች የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረበት። አንዱ ቀርጾ ለቀቀው፤ ከሁለቱም በኩል ስድብ ጠገብኩ። ይህ ሰው ከወዲያ በኩል ነው። ኢስሊ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ ነበር።

«የጀመሩት እነሱ ናቸው ብለዋል» አለኝ። «ወንድሜን ጦርነቱ በላብኝ፤ አስከሬኑን እንኳ አላገኘንም። ማን እንደጀመረው የሚያውቁት ግን እርስዎ ነዎት።»

 ይህን ብሎ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ከሰዓት ከሰዓት አንድ አማርኛ ተናጋሪ ይመጣል። ሽቶው ቀድሞት ይገባል። ማን እንደላከው እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ቀን እኔን ለብቻዬ አስጠራኝና «አብሮህ ያለው ሰውዬ ለተዋጊዎች ዕቃ ሲልክ ነበር» አለኝ። «ሲናገር ሰምቻለሁ በልና ነገ ቤትህ ግባ።»

«እሱስ የት ይገባል?»

«አገሩ ነዋ።»

ያኔ ተይዞ አገሩ የተመለሰ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ተመልሼ የተባልኩትን ሳልደብቅ ለነጋዴው ነገርኩት። ምን መለሱ ብሎ አልጠየቀኝም።

በማግስቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዋለ። ነጋዴው ድንገት፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» አለ። «የእኛን ይተዉትና የሩቁን ይንገሩኝ። ያ የፈረንጆቹ ትልቁ ጦርነት፣ የመጀመሪያው፣ በምን ተጀመረ?»

አስተማሪ ጥያቄ ካገኘ ያለበትን ይረሳል። ተነሥቼ ቆምኩ፤ በአንድ እግር ጫማ እያነከስኩ ማስተማር ጀመርኩ። የኦስትሪያን አልጋ ወራሽ አንድ የሰርብ ወጣት ተኩሶ ገደለው። ኦስትሪያ ሰርቢያን ልቅጣ ብላ ተነሣች፤ ጀርመን በርቺ አለቻት። ሰርቢያ የሩሲያን ስም ጠራች፤ ሩሲያ ደግሞ ፈረንሳይን ተማምናለች። እንግሊዝ ከጀርመን ጋር በጦር መርከብ ሥራ ስትፎካከር ከርማለች።

«ግድያው ግን ሰበብ ነው እንጂ ምክንያት አይደለም» አልኩት፣ ለተማሪዎቼ ዕድሜ ልኬን እንዳልኩት። «ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ጀርመን ሩሲያ ነገ ትበረታብኛለች ብላ ፈራች። ሩሲያ ዛሬ ካፈገፈግኩ ማን ያከብረኛል ብላ ፈራች። ደግሞ ሁሉም ወታደሩን በባቡር የሚያጓጉዝበትን ዕቅድ አስቀድሞ አውጥቷል፤ ዘግይቶ የጫነ ይበለጣል። ስለዚህ ቆም ብሎ ለመነጋገር የደፈረ ጠፋ።»

«የፈሩት ይደርሳል» አለ።

«አዎ። እንግዲህ እንደ ዋስ አስበው። ትንሹ ትልቁን ዋስ ጠራ፤ ዋሱም የራሱን ዋስ ጠራ።»

አሁን ዞሮ አየኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ምኑ ዋስ ነው? ዋስ የሚጠራው ጠብ እንዲበርድ አይደለም እንዴ? ሰውዬው ካጠፋ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ስለዚህ ተው፣ እኔን አታስጠይቀኝ ብሎ እጁን የሚይዘው እሱ ነው። እነዚህማ ግባና በለው ባዮች ናቸው።»

«ከምክንያቶቹ አንዱም እሱ ነው» አልኩት። «ዋሶቹ እጅ በመያዝ ፈንታ አብረው ዘመቱ።»

«የእኛም ዘመቱ» አለ ቀስ ብሎ። ማን ጀመረ የሚለውን ሁለታችንም አላነሣንም።

በሩን የሚጠብቀው ኬንያዊ ፖሊስ ድምፄን ሰምቶ በቀዳዳው ብቅ አለ። «ሙዋሊሙ፣ ምን እያስተማርክ ነው?» አለኝ፤ መምህር ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ አስረዳሁት። የተወለደው ካሪዮኮር ነው፤ እንግሊዞች በዚያ ጦርነት ለተሸካሚነት ያፈሷቸው ሰዎች የሰፈሩበት መንደር።

«የአያቴ አባት ጥይት ተሸክሞ ሄዶ ቀረ» አለ። «ከጀርመን ጋር ምን እንዳጣላው የነገረው ሰው ግን የለም።»

«ፖሌ» አልኩት፣ በራሱ ቋንቋ አይዞህ ለማለት። ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ያን ቀን እኔና ነጋዴው ከአንድ ሳህን በላን።

በማግስቱ አማርኛ ተናጋሪው ሁለታችንንም አንድ ላይ አስጠራን። ስልኩን ፊቴ ላይ ደግኖ «በል፣ ስለ ሰውዬው የምታውቀውን ተናገር» አለኝ። ፈርቼ ነበር። ባለቤቴ ሩንዳ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች ልጆቻችንን ይዛ ትጠብቀኛለች። ቀበቶ ስለሌለኝ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ቀና አልኩ።

«ዋሱ ነኝ» አልኩ።

«ምን?»

«ለዚህ ሰው ዋሱ እኔ ነኝ። ጥፋት ካለው ፍርድ ቤት አቅርቡት። ቢጠፋ እኔን ጠይቁኝ።»

ሰውዬው ሳቀ። «ሱሪህን መታጠቅ አቅቶህ ለማን ነው ዋስ የምትሆነው?»

እውነቱን ነው፤ ዋስ የሚሆን ሰው የሚያስይዘው አለው፣ እኔ ግን ምንም አልነበረኝም። ነጋዴው አልሳቀም። ዋስ የተገኘለት ሰው እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ የከበደ ሰላምታ ተቀብዬ አላውቅም።

ያን ዕለት ሲመሽ መጥተው እሱን ብቻ ጠሩት። በሩ ላይ ቆም ብሎ «ጋሼ፣ ባለቤቴን ይጠይቁልኝ» አለኝ። ሌላ ነገር ለማለት ጊዜ አልሰጡትም። እኔን ሰንብተው ለቀቁኝ፤ ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። ጫማዬን ሲፈልጉልኝ የእሱን አንድ እግር ጫማ መደርደሪያው ላይ አየሁት። ሳያስደርጉት ነው የወሰዱት።

ባለቤቱን ኢስሊ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። ሱቁን ከፍታ ትሠራለች። ወንበር ስባልኝ፣ ሶዳ ታስከፍትልኝና ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች። ስለ እሱ የተሰማ ነገር የለም። ማታቱ የሚሉት የሕዝብ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ሰው ማጅራት እሱን ይመስለኛል፤ አንዴ ከማላውቀው ሰው ኋላ ወርጄ ገበያ መሃል ድረስ ተከትዬዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ላደጉ የሀበሻ ልጆች ታሪክ አስተምራለሁ። በቀደም ያንን ጦርነት ስነግራቸው አንዷ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ ቀላቅላ «ቲቸር፣ በት ማነው የጀመረው?» አለችኝ። ማን ማስቆም ይችል እንደነበር ነገርኳት እንጂ ያንን አልመለስኩላትም።

ዋስ ከዋስነቱ የሚወርደው ሰውየው ሲቀርብ ነው። የእኔ ሰው አልቀረበም። ባለቤቱም ሆነች ሌላ ማንም ሰውህን አምጣ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ዳኛ ጠርቶ ቢጠይቀኝ ደስ ባለኝ፤ የሆነ ቦታ ስሙ የተጻፈበት መዝገብ አለ ማለት ነበር።