የመስኮቱ ጎን

«ልጇ ነሽ እንዴ? እኔማ የማትተዋወቁ መስሎኝ ነበር» አለችኝ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ። እናቴ ገና መውረዷ ነበር። የተቀመጠችበት ወንበር ሙቀቱ አልለቀቀም። መስኮቱ ግን ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ዛሬም ታክሲ ውስጥ የረጠበ ጃኬት ሲሸተኝ ያ መስኮት ድቅን ይልብኛል።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ብርድ ልብስ ትሸጥ ነበር። ሱቋ ከወለል እስከ ጣሪያ ብርድ ልብስ ነው፤ መሃል ላይ እሷ የምትቀመጥበት ብቻ ይቀራል። ከትምህርት ቤት ስወጣ አግዛትና ማታ አብረን እንገባለን። በዚያ ዓመት ግን አንድ ነገር ሆነች። ሰው ሹራብ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ እሷ ግን ከደረቷ የተነሳ ሙቀት አንገቷን አልፎ ፊቷ ላይ ይወጣባታል። ቀልታ፣ ላብ በላብ ሆና በካርቶን ታራግባለች። ላቡ ሲደርቅ ደግሞ ይበርዳታል። ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድራለች። ራሷ ያስቀመጠችውን መቀስ ታጣና እኔ ላይ ትጮሃለች፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ ይሞላል።

«እትዬ፣ ኧረ ደንበኛ አያባሩ!» ይላታል ፊት ለፊት ያለው ነጋዴ። «ብርድ ልብስ ሻጭ እንዲህ ካላበው ማን ይገዛል?»

«እንዲያውም ማስታወቂያ ነው። ገና ሳይለብሱት ያሞቃል በልልኝ!»

እሱ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። እኔ አፍራለሁ።

«እማዬ፣ ሰው እኮ እያየሽ ነው።»

«ይየኛ! እሳት ነው የሚለቀቅብኝ።»

የሰፈር ሴቶች ብርድ መቷት ነው ብለው በዝንጅብል አጣደፏት፤ ባሰባት። በዚያው ዓመት የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ማረጥ ሲያስተምሩ እኛ ሴቶቹ ከኋላ ሆነን እንስቅ ነበር። ፈተና ላይ መጣ። ምልክቶቹን ሁሉ ጻፍኩ፣ ሙሉ ማርክ አገኘሁ። አንዱም እናቴን አላስታወሰኝም።

ታክሲ ስንሳፈር ሁሌ «የመስኮቱን ጎን ለእኔ ተይልኝ» ትለኛለች። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። የኛን ታክሲ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ፀሐይ ወጥቶም ቢሆን መስኮት የከፈተ ሰው ጠላት ነው።

ያን ቀን የሰኔ ዝናብ ይወርድ ነበር። ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መስታወቱ በትንፋሽ ደፍርሷል። ትንሽ እንደሄድን እናቴ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ገፈፈችና መስኮቱን ከፈተችው።

«እናት፣ ይዝጉት እንጂ! ሕፃን ይዣለሁ» አለች አንዷ ከኋላ።

«ኧረ ማጅራቴን!» አለ ሌላው።

«ማዘር፣ ሰው ልትጨርሺ ነው?» አለ ረዳቱ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

«ትንሽ ብቻ… ትንሽ አየር ላግኝ» አለች እናቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ተዉአት» እንድልላት ነበር የፈለገችው። ያኔም ገብቶኝ ነበር።

በላይዋ ተንጠራርቼ መስኮቱን ጠረቀምኩት። «አታሳፍሪኝ በቃ!» አልኳት።

ላቧ ከጆሮዋ ሥር ወደ አንገቷ ሲወርድ አያለሁ። መሳለሚያ ስንደርስ «ወራጅ አለ» አለች። ቤታችን ገና ሩቅ ነው። ጉልበቴን አልፋ ወረደች። በመስታወቱ አየኋት፤ ዝናቡ ውስጥ ቆማ ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋለች። ሴትዮዋ የጠየቀችኝ ያኔ ነው። «አዎ» ማለት አቃተኝ። ታክሲው ሲነሳም አልወረድኩም።

ከዚያ ወዲህ የመስኮቱን ጎን ተይልኝ ብላኝ አታውቅም። ሳትጠይቀኝ መሃል ትቀመጣለች።

አሁን ዓመታት አልፈው ሙቀቱ ትቷታል። ባለፈው ሳምንት ከሱቅ ስንመለስ እጇን ይዤ የመስኮቱ ጎን አስቀመጥኳት። መስኮቱንም ከፈትኩላት።

«ዝጊው ልጄ፣ ሰው ይበርደዋል» አለችኝ።

«ይብረደው!»

እጄን ከመስኮቱ ላይ አነሳችና ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ነጠላዋን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ከደረቴ የተነሳ የሀፍረት ሙቀት አንገቴን አልፎ ፊቴ ላይ ወጣ። መሳለሚያ ደርሰን ነበር፤ ያን ቀን ተከትያት ሳልወርድ የቀረሁበት ቦታ።

«ወራጅ አለ» አልኩ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ።

ነጠላዋን መለስኩላትና ወረድኩ።