ለአባቴ በገና የመረጥናት ዳክ

አባቴ ግራ ጎናቸውን ሲታመሙ እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። እሳቸው እናቴ ካረፈች ወዲህ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወጣ ብላ ባለች አጥቢያ ብቻቸውን ይኖራሉ። መሪጌታ ናቸው። ድጓ ያስተምራሉ፣ ማኅሌት ይቆማሉ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ በገና ይደረድራሉ። የአጥቢያው ገበሬ ከቅዳሴ ሲወጣ ወደ ቤታቸው ጎራ ይልና መደቡ ላይ ተደርድሮ ይሰማቸዋል። ማንም አያወራም። ሲጨርሱ አንዱ ሽማግሌ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይላል፤ ሰዉም አንድ በአንድ ተነሥቶ ይሄዳል።

አንድ ማለዳ ከአልጋቸው ሊነሡ ሲሉ ግራ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ወገዳ አደረሷቸው፤ ከዚያ በመኪና ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተወሰዱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አፋቸው ተፈታ፤ እግራቸውም ቀስ በቀስ ምርኩዝ ይዘው ለመሄድ አበቃቸው። የግራ እጃቸው ጣቶች ግን ዕቃ ከመደገፍ በቀር ሌላ ሥራ እንቢ አሉ። በገና የሚደረደረው ደግሞ በግራ እጅ ነው።

ወደ እኔ ቤት ሳመጣቸው በገናውንም በጋቢ ጠቅልዬ አመጣሁት።

«ለምን ታደክሚዋለሽ?» አሉኝ። «እዚያው ለቤተ ክርስቲያን ብትተዪው ይሻል ነበር።»

የመኝታ ክፍላቸው ጥግ ላይ አቆምኩት። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙረው መተኛት ለመዱ።

የዐቢይ ጾም ሲገባ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ በተዋስኩት ቴፕ በገና ሲደረድሩ ቀርጬያቸው ነበር። ካሴቱ እንዳይበላሽ ብዬ ደብረ ታቦር አንድ ሙዚቃ ቤት ወስጄ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጬዋለሁ። ላፕቶፕ አለኝ። ዜማ መስማት ስለምወድ አንድ አሮጌ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከርም ሳሎን ውስጥ ነበሩኝ። ደስ ላሰኛቸው ብዬ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ከፈትኩላቸው።

ብዙም አልሰሙ።

«አጥፊው» አሉ።

«ምነው አባዬ?»

«ይሄ ወፍጮ ቤት የተቀረጸ ነው የሚመስል። በገና ነው ይሄ? እንዲህ ከሆነ የምደረድረው፣ ያ ሁሉ ሰው አፍሮኝ ነው ዝም ይል የነበር።»

አጠፋሁት። እውነታቸውን ነበር፤ ከስር «እምምም» የሚል ጉርምርምታ አለ፣ ከላይ ደግሞ እንደሚቆላ ሽምብራ «ጢስ ጢስ» ይላል። እኔ ለምጄው ኖሮ አይሰማኝም ነበር። ያሳዘነኝ የድምፁ መበላሸት አልነበረም። አባቴ እጃቸውን ካጡ በኋላ የቀራቸው ትዝታ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንኑ ትዝታ አጠራጠርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ በገና ማንሣት ተዉ።

ለሥራ ባልደረባዬ ለአይሲቲ መምህሩ ነገርኩት። ገና ወጣት ነው፤ የታች ጋይንት ልጅ። ቅዳሜ መጣና አባቴን እጅ ነሥቶ ከላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ። በመጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀለ። ያ ጉርምርምታ ወዲያው ጠፋ። «አየሽ ቲቸር» አለኝ፣ «አምፕሊፋየሩም ላፕቶፑም አንድ ላይ ሲሰኩ ነው እንዲህ የሚያደርገው።» ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ማውዙን ነካ አደረገው፤ ስፒከሩ «ጭርርር» አለ። እንደገና አንቀሳቀሰው፤ እንደገና ጮኸ።

«ይሄኛው ከላፕቶፑ ሆድ ነው የሚመጣው» አለ። «በቻርጀር አይለቅም። ዳክ ያስፈልግሻል።»

አባቴ ከመቀመጫቸው ሆነው «ምንድን ነው እሱ?» ሲሉ ጠየቁ። የሚያዳምጡን አልመሰለኝም ነበር።

«መሪጌታ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ድምፅ የለም። ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን መልሶ ድምፅ የሚያደርግ ነገር አለ፤ እሱን ነው ዳክ የምንለው። ላፕቶፑም የራሱ አለው፤ ግን ከሌላው ዕቃ ጋር ተጨናንቆ ስለተቀመጠ የሁሉም ጩኸት ይጋባበታል። ለብቻው ከውጭ የሚሰካ አለ።»

አባቴ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው እንደ ድጓው ምልክት ነው በለኛ። ብራናው ላይ ምልክቱ አለ፣ ዜማው ግን የለም። የሚያዜመው ሰው ሲመጣ ነው ዜማ የሚሆን።»

«በትክክል መሪጌታ!»

«ታዲያ በዚህ ቤት የሚያዜመው ጉንፋን ይዞታል።»

ሦስታችንም ሳቅን። ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በልቤ «ይሄ ዕቃ ከየትም ይምጣ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለኝን ትርፍ ጊዜ ሁሉ ስለ ዳክ ማንበብ ያዝኩ። የትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት የተማሪ ወረቀት አርማለሁ። የሒሳብ መምህር ነኝና የማረከኝ የጥራታቸው መለኪያ ቁጥር ነበር። የአንዱ ቢት ከሌላው ይበልጣል፣ የአንዱ ኪሎኸርዝ ከሌላው እጥፍ ነው። ትልቁ ቁጥር ያለውን መርጬ ለአይሲቲ መምህሩ አሳየሁት።

«ቲቸር፣ የአባትሽ ቀረጻ እኮ የካሴት ነው» አለኝ። «ያንን ሁሉ ቁጥር የሚሞላ ነገር የለውም። አንቺ የምትፈልጊው ጸጥ ብሎ የሚሠራ ነው። ቁጥር አይተሽ አትግዢ፤ ቀረጻውን ይዘሽ ሄደሽ፣ ሰምተሽ ግዢ።»

ምክሩ ሳይዋጥልኝ ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ ግን እንዳለው ሆነ፤ አባቴ ለእጃቸው ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበራቸውና ላፕቶፑን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሙ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈ፣ ዘረጋ። «ሥራ ይስጧቸው አባ፤ ዝም ብለው ካስቀመጧቸው እዚያው ይቀራሉ» አላቸው። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከሆስፒታሉ ወጥተን የድምፅ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ጠይቀን አገኘን። ባለ ሱቁ ለሠርግ ቤትና ለቤተ ክርስቲያን ስፒከር የሚያቀርብ ጎልማሳ ነው። ለአባቴ ወንበር አወጣላቸው፤ እኔም ምን እንደምንፈልግ ነገርኩት። ሁለት ዳክ አመጣ። አንዱ የመጽሐፍ ቅዱስ ያህል ውፍረት ያለው፣ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ፣ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለው ነው። ሌላዋ የክብሪት ቀፎ ታክላለች፤ ላፕቶፑ ላይ ትሰካለች፣ በቃ።

ትልቁን አስቀደምን። ሄድፎኑን መጀመሪያ እኔ አደረግሁት። ያ ጢስጢስታ የለም። የአባቴ ድምፅ ከሩቅ ተነሥቶ ጆሮዬ ሥር የተቀመጠ ያህል ቀረበኝ። በገናው እንደ ማር ይለሰልሳል። ቦርሳዬን ከፍቼ ልከፍል ምንም አልቀረኝም።

«አባዬ፣ ይስሙት እስቲ።»

ጥምጥማቸውን በሰው ፊት ማውለቅ ስላልፈለጉ ሄድፎኑን በቀኝ እጃቸው ይዘው አንድ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ከፈቱና ባለ ሱቁን አዩት።

«ጥሩ ነው። እንዚራው ግን የታለ?»

«ምንድን ነው እሱ አባቴ?»

«አውታሩ በገበቴው ላይ ሲያልፍ፣ በስሩ የምትገባ ቁራጭ ቆዳ አለች። አውታሩ ሲመታ እሷን እየነካ ይነዝራል። እንደ ንብ። በገናን በገና የሚያደርገው እሱ ነው። እዚህ ውስጥ ግን ክራር ነው የምሰማው።»

ባለ ሱቁ ሄድፎኑን ተቀብሎ ራሱ ሰማ። ወደ ዕቃው ጎንበስ ብሎ አንድ ቁልፍ ተጫነ። «ድምፅ የሚያሳምር ቁልፍ አለው» አለ። «ንዝረቱ ብልሽት መስሎት አለስልሶት ነው። አጥፍቼዋለሁ፤ አሁን ይስሙ።»

አባቴ ሰሙ። «አሁን መጣ» አሉ፤ ፊታቸው ፈካ።

ወረፋው የትንሿ ሆነ። እሷ ቁልፍ የሚባል ነገር የላትም። እኔም ሰማሁ፣ እሳቸውም ሰሙ። ንዝረቱ አለ፤ አንዱ አውታር ተመትቶ ሌላው እስኪመታ ያለው ዝምታም ዝምታ ነው። ትልቁን እንደገና አስደገሙ፣ ትንሿን እንደገና አስደገሙ። ሌላ ገዢ ገብቶ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ባለ ሱቁ ግን አላጣደፈንም።

እኔ አሁንም ልቤ በትልቁ ነበር። መብራቱም ያምራል። ግን የእኛ ከተማ መብራት ሲመጣ ሲሄድ ስንት ዕቃ እንዳቃጠለብኝ አሰብኩ፤ በሶኬት የሚሰካ ዕቃ በጨመርኩ ቁጥር ያ ጉርምርምታ እንዳይመለስም ፈራሁ። ትንሿ ከላፕቶፑ ባትሪ ትጠጣለች። አባቴን አየኋቸው።

«ለእኔ ከሆነ ይቺ» አሉ ትንሿን እየጠቆሙ። «ምንም አልጨመረችብኝም፣ ምንም አልቀነሰችብኝም።»

«ትልቁን ብትወስዱልኝ እኔ እጠቀም ነበር» አለ ባለ ሱቁ እየሳቀ፣ «ግን አባታችን እውነታቸውን ነው። ለዚህ ቀረጻ ይቺ ትበቃለች።»

ወደ ቤት በተመለስን ማግስት ከሰዓት በኋላ ቻርጀሩን ነቅዬ፣ ዳኳን ሰክቼ ከፈትኩት። ሳሎኑ ተለወጠብኝ። የስማዳው ቤታችን ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ከውጭ ላም ስትጮኽ፣ መደቡ ላይ ሰው ሲያስል ይሰማል። ይሄ ሁሉ ካሴቱ ላይ እንደነበር ከቶ አላውቅም ነበር። አባቴ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ያዳምጣሉ። እንባቸው ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ።

«መልሺው» አሉ ድንገት።

መለስኩት።

«እንደገና።»

እንደገና መለስኩት።

«አራተኛዋ ወርዳለች!» አሉ።

«ምን?»

«አራተኛዋ አውታር! ቅኝቷ ወርዷል። ስሚ... ይኸው! አልሰማሽም?» በምርኩዛቸው ወለሉን መቱ። «ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ በወረደ አውታር ስደረድር ዋልኩ ማለት ነው!»

ደነገጥኩ። ይሄን ሁሉ ደክሜ ስሕተታቸውን አሰማኋቸው? «አዘኑ አባዬ?»

«ምን ያሳዝነኛል?» ይስቁ ነበር፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። «እኔ እኮ ልጄ፣ ከታመምኩ ጀምሮ የማለቅሰው ለዚያ ድሮ ለነበርኩት፣ ምንም ለማይጎድለው ሰውዬ ነበር። እሱ እንደሆነ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ጤነኛ ሆኜም ከተሳሳትኩ፣ ዛሬ ብሳሳት ማን ይከሰኛል? በይ በገናውን አምጪው።»

አመጣሁት። ከአውታሮቹ ሁለቱ ደርቀው ተበጥሰው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የሚያውቃቸው ዲያቆን የበግ አንጀት ለአውታር አበጅቶ አመጣልንና አባቴ በቀኝ እጃቸው ተከሉት። መቃኛዎቹን እሳቸው ያጠብቃሉ፤ እኔ ገበቴውን ደግፌ እይዛለሁ። አራተኛዋን አውታር ሲቃኙ ጆሯቸውን አስጠግተው ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ቆዩባት።

ከዚያ ግራ እጄን ያዙና አውታሮቹ ላይ አስቀመጡት።

«እኔ ነኝ የምደረድረው?» አልኳቸው።

«እጅ ያለሽ አንቺ ነሽ። እኔ ጆሮ አለኝ።»

ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ ይጠብቁኛል። ጣቴን ጠመኔ እንደያዝኩ ሁሉ ስለማጠብቅ ይቆጡኛል። የጠፋብኝ ጊዜ ቀረጻውን በዳኳ ከፍተን እንሰማለን፤ የትኛው ጣት መቼ እንደሚነሣ አሁን ለእኔም ይለያል። አንዳንድ ቀን «አንቺ አርፈሽ ሒሳብሽን አስተምሪ» ይሉኛል። በነጋታው ግን በገናውን ራሳቸው በቀኝ እጃቸው እየጎተቱ ወደ ሳሎን አውጥተው አገኛቸዋለሁ። እኔ ሳልኖር፣ ሐኪሙ እንዳዘዛቸው፣ የግራ እጃቸውን ጣቶች አውታሩ ላይ እያሳረፉ ሥራ ይሰጧቸው ኖሯል። አንድ ቀን ከበር ስገባ አንዲት አውታር ደከም ብላ ስትነዝር ሰማሁ። የመሐል ጣታቸው ነበር።

«አየሽ» አሉኝ፣ «አንዱ ተማሪ መጣ።»

በቀጣዩ ዐቢይ ጾም ጎረቤቶቻችንና የአይሲቲ መምህሩ ሳሎናችን ውስጥ ተቀመጡ። እኔ ደረደርኩ፤ አባቴ አዜሙ። ድምፃቸው እንደ ካሴቱ አልነበረም፤ ሸካራ ሆኗል፣ ትንፋሻቸውም ያጥራል። እኔም ሁለቴ ተሳሳትኩ። ስንጨርስ ግን ማንም ቶሎ አልተነሣም።

የአይሲቲ መምህሩ ለአባቴ የሌሎች በገና ደርዳሪዎችን ዜማ በፍላሽ ያመጣላቸው ጀመር። ላፕቶፑን መክፈትና ዳኳን መሰካት ራሳቸው ለምደዋል፤ ቻርጀሩን መንቀል አይረሱም። ከሥራ ስገባ ከስፒከሩ ጋር ሲከራከሩ አገኛቸዋለሁ።

«ይሄ ሰውዬ ጎበዝ ነው» ይሉኛል፣ «ግን ይቸኩላል። ነይ ተቀመጪ፤ የት ላይ እንደሚቸኩል ላሰማሽ።»