ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ልጃቸውን ሊያመጡ አሳይታ የወረዱ ጊዜ

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ አሳይታን የጠሉት ገና ሳያዩት ነው። ናዝሬት የምትባለው አንድ ልጃቸው በአዋላጅነት ተመርቃ አፋር፣ አሳይታ ከተማ ተመደበችና «አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። ዓመቱ ሞላ፤ «ትንሽ ልቆይ» አለች። ሁለተኛውም ሞላ። በስልክ ስለ መመለስ ሲጠይቋት ኔትወርኩ መቆራረጥ ይጀምራል። ሌላ ወሬ ሲሆን ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ይህን እናቲቱ አላጡትም።

እሳቸው የተወለዱትም የተዳሩትም ጌጃ ሰፈር ነው። ቤታቸው ለልማት ተነሥቶ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ እንኳ በእግር ነው የሄዱት፤ የስፌት መኪናቸው በጋሪ፣ እሳቸው ከጋሪው ኋላ። ምድር ቤት በተከራዩት ጠባብ ሱቅ ዩኒፎርም ይሰፋሉ፣ መጋረጃ ይከፍፋሉ፣ የጠበበ ያሰፋሉ። ከአዲስ አበባ የወጡት ለሠርግ ደብረ ዘይት፣ ለስለት ደብረ ሊባኖስ ብቻ ነው።

አንድ የግንቦት ጠዋት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ የጎረቤታቸውን የትሕትናን በር አንኳኩ። ትሕትና የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ሁሉን ነገር በስልኳ የምታይ።

«ሄጄ አመጣታለሁ» አሏት።

«እትዬ፣ በግንቦት በረሃ ይኬዳል እንዴ?»

«ልጄ እየኖረችበት አይደል?»

ትሕትና ሐሳባቸውን እንደማይለውጡ ስታይ ስልኳን አወጣች። «እሺ፤ በረሃ ሲመሽ ይበርዳል የሚል አለ። የሚደረብ ይያዙ።» እሳቸውም ጋቢና ሹራብ ይዘው፣ ምናልባት ብለው ብርድ ልብስ ጨምረው አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ከአዋሽ በኋላ ዛፉ እያጠረ፣ እየሳሳ፣ ኋላም እየጠፋ ሄደ። ሚሌ አድረው በማግስቱ ሲነሡ ከመስኮቱ ውጪ የቀረው ጥቁር ድንጋይ፣ አቧራና አንገቱን የሰገገ ግመል ነበር። ሎጊያ ላይ ሚኒባስ ለወጡ። አጠገባቸው የተቀመጠች ሽርጥ የታጠቀች ሴት ወዴት እንደሚሄዱ ብትጠይቃቸው፣ ለሁለት ቀን ሰው ሳያናግሩ የቆዩት ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ሆዳቸውን ዘረገፉላት። አዋላጇ ናዝሬት ልጃቸው እንደሆነች፣ ሊወስዷት እንደመጡ፣ ከእንግዲህ ሰበብ እንደማይሰሙ ነገሯት። ሴትየዋ እያንዳንዷን ቃል በጥሞና ሰማች።

አሳይታ የደረሱት በቀትር ነው። ከሚኒባሱ ሲወርዱ የምድጃ አፍ የከፈቱ መሰላቸው። መንገዱ ጭር ብሏል። በየጥላው ሥር ፍየሎች ተኝተዋል፤ ሰው የሚባል የለም።

«ሕዝቡ የት ሄደ?» አሉ ናዝሬትን ገና ስመው ሳይጨርሱ።

«ተኝቷል እማዬ። እዚህ ከተማው የሚነሣው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው» አለች ልጅቷ። ከስታለች፣ ጠቁራለች። ግን በስልክ እንደሚሰሟት አይደለችም፤ ከት ብላ ትስቃለች።

የተከራየችበት ግቢ ባለቤት መይሙና ትባላለች። በዕድሜ ከወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ጋር ብትተካከል እንጂ አትበልጥም፤ ቀጥ ያለች የአፋር ሴት ናት። እንግዳዋ ሹራብ ለብሰው ሲገቡ አይታ ተነሣች። ሹራቡን ራሷ አወለቀችላቸው፣ ነጠላቸውን ውሃ ነክራ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችና «ተቀመጪ» አለቻቸው።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ «ተቀመጪ» በመባላቸው ቅር አላቸው። ናዝሬት ጠጋ ብላ፣ «እማዬ፣ ንቃሽ አይደለም። አማርኛን የተማረችው ገበያ ነው፤ ወረዳ አስተዳዳሪውንም አንተ ነው የምትለው» አለቻቸው። እሳቸው ግን ነገሩ ሲብላላ ሌላ ነገር ትዝ አላቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ፣ ከልጃቸው በቀር አንቺ ያላቸው ሰው አልነበረም። ቅሬታው ሳያስቡት ለቀቃቸው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከተማው እውነትም ተነሣ። ሻይ ቤቶች ወንበራቸውን ወደ መንገድ አወጡ፤ አልጋ ሁሉ ከቤት ወደ ግቢ ወጣ። ናዝሬት እናቷን ወደ ከተማው ጠርዝ ወሰደቻቸው። መሬቱ በድንገት ዝቅ ይላል፤ ከሥር አዋሽ ደፍርሶ ይፈስሳል። ግራና ቀኙ ተምርና በቆሎ ነው፣ ለምለም ያለ። ከለምለሙ ወዲያ ግን እስከ ሰማዩ ጫፍ ደረቅ ሜዳ።

«ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?»

«ከእኛው ነው። በልደታ በኩል የሚያልፈው ወንዝ አቃቂ ሆኖ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ከዚህ ዝቅ ብሎ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም።»

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ውሃውን ትክ ብለው አዩት። «አትጠጪውም አይደል?» አሉ፤ የሰፈራቸውን ወንዝ ያውቁታላ።

ሲመለሱ መይሙናን ጠየቋት፤ «ለመሆኑ እዚህ ከተማ ስንት ሰው ይኖራል?»

«መቼ?»

«እንዴት መቼ?»

«ሙቀት ሲሆን የቻለ ይሄዳል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ከብት ያለው ሣር ካለበት ነው። የወሎ ነጋዴ ይመጣል፣ ይሄዳል። አስተማሪ ይመጣል፣ ይሄዳል። ዛሬ አንቺ መጣሽ፤ አንድ ጨመርን» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጅቷን ይዘሽ ከሄድሽ ደግሞ ሁለት ቀነስን።»

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ደነገጡ። ጉዳዩን ለናዝሬት እንኳ ገና አልነገሯትም። ናዝሬት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻቸው። «ሚኒባስ ውስጥ ለማን ነው ያወራሽው? እዚህ ሁለት ሰው ከተገናኘ መጀመሪያ ያየውን የሰማውን ሳይነጋገር አይላቀቅም። ዳጉ ይሉታል። ይኸው ከተማው ሁሉ ሰምቷል።»

በማግስቱ ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ። ተቆጥቶ የመጣ የለም። አንዷ ወተት፣ ሌላዋ ተምር ይዛ ትገባለች፤ ትቀመጣለች፤ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁን ታያለች። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሕፃን ልጇን ጭናቸው ላይ ቁጭ አደረገችና በአፋርኛ ተናገረች። መይሙና ተረጎመች፤ «ይቺ ሚስራ ናት። ወንዙ ሞልቶ መኪና አላሳልፍ ባለ ቀን ልጅሽ በእግሯ ተሻግራ አዋለደቻት። ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ዛሬ ይኸው ቆማለች።»

ሕፃኗ የወይዘሮ ወርቅአፈራሁን የአንገት ማተብ ይዛ ትጎትታለች።

ሴቶቹ ሲሄዱ ናዝሬትን ጠሯት። «ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትፈሪያለሽ ብዬ። እማዬ፣ እኔ አልሄድም።»

«እኔስ? ልጅ ወልጄ ብቻዬን ልቅር?»

«አንቺ ነያ! እዚህ የሚሄድና የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው እንዴ?»

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ተናደዱ፣ ትንሽም አለቀሱ። ከዚያ እጅ ሥራ ሲፈታ የማይወዱ ናቸውና፣ ከመይሙና ጓዳ አቧራ የዋጠው የስፌት መኪና አገኙ። ፈታተው ጠረጉት፣ ዘይት አጠጡት። ለመይሙና ከስስ ጨርቅ ሰፋ ያለ ቀሚስ ሰፉላት። ዳጉ ሥራውን ሠራ፤ የሚቀጥለው የገበያ ቀን ግቢው ጨርቅ በያዙ ሴቶች ተሞላ። ለአንድ ሳምንት የመጡት ሴትዮ ወር ቆዩ። በየክረምቱ ልደታ ላይ የሚያስነክሳቸው ጉልበታቸው ደግሞ በዚያ ሙቀት ጭጭ አለ።

ብቻቸውን ተመልሰው ኮንዶሚኒየም ሲደርሱ ትሕትና ደረጃ ላይ አገኘቻቸው።

«ናዝሬትስ?»

«ሥራ ላይ ናት» አሉ፤ በኩራት መናገራቸው ለራሳቸውም ገረማቸው። «እኔም ኅዳር ላይ እሄዳለሁ፤ ያኔ አየሩ ለሰው ነው።»

ሄዱም። ከዚያ ወዲህ በጋውን አሳይታ፣ ክረምቱን ልደታ ናቸው። የልደታ ደንበኞቻቸው ለምደውታል፤ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ከመስከረም በፊት ይመጣል፣ የገና ልብስ የሚፈልግ ሌላ ሰፊ ይፈልጋል።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ መይሙናን ይዘዋት መጡ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ በረዶ ወረደ። መይሙና ስሙን ብትሰማም በዓይኗ አይታው አታውቅም። በረንዳው ላይ ወጥታ መዳፏን ዘረጋች፤ ነጩ ጠጠር እጇ ላይ ሲሟሟ ጮክ ብላ ሳቀች። በፊት ለፊቱ ሕንፃ ያሉ ሰዎች በመስኮት ያይዋታል።

«ረጠብሽ እኮ፣ ግቢ!» አሉ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ።

«ተይኝ» አለች መይሙና ሳትዞር። «አንቺ ነይ።»

ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ጉልበታቸውን እያሹ ወጡና አጠገቧ ቆሙ።